ብረት ነው፣ ፕላስቲክ የለበትም

እኛ ቤት ዕቃ የሚመረጠው በሚዛን ነው። እናቴ ድስት ልትገዛ ስትሄድ መጀመሪያ ብድግ ታደርገዋለች። "ይሄማ ቅጠል ነው" ካለች ነጋዴው በልጆቹ ቢምል አትመለስም። የአባቴ የከሰል ካውያ፣ የአያቴ የነሐስ ሙቀጫ፣ አጎቴ ከአሰብ ተሸክሞት የመጣው ራዲዮ፣ ቤታችን ውስጥ ዕድሜ ያገኙት ሁሉ እግር ላይ ቢወድቁ አጥንት የሚሰብሩ ነበሩ። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አንድ ሌንስ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጡልኝና እጄ ወረድ ሲል፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።

"ብረት ነው" አሉኝ። "ፕላስቲክ የሚባል ነገር የለበትም።"

ይህን ብለው ሌንሱን ከእጄ ወሰዱና የባንኮኒውን ጠርዝ ሁለቴ አንኳኩበት። ቋ፣ ቋ። ጤነኛ ገዢ መስታወት ያለበት ዕቃ ከባንኮኒ ጋር ሲጋጭ ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ደስ አለኝ።

"ተከፍቶ ያውቃል ጋሼ?" አልኳቸው፣ አዋቂ ለመምሰል።

"ምን ሲሉ ይከፍቱታል! ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።"

የሌንሱ ጀርባ ላይ ሦስት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። የሦስቱም ራስ ተበልቷል። ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ የገባበት ብሎን ምን እንደሚመስል የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ አየሁት፣ አወቅሁትም፤ ከዚያ "እርጅና ነው" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ብረት ሲያረጅ ራሱን በካቻቪቴ ቅርጽ ይበላል ብሎ ያመነ ፎቶ አንሺ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ እንደምታዩት ጥፋቱ በብዙ እጅ ያለፈ ነው። 9,000 ብር ቆጥሬ ወጣሁ።

የገዛሁት ክብ የዓሣ ዓይን የሚባለውን ነው። ተራ ሌንስ ፊት ለፊቱን ያያል፤ ይሄ ግን 180 ዲግሪ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያያል። ፎቶው አራት ማዕዘን ሳይሆን ጥቁር መደብ ላይ እንደተጣደ ምጣድ ክብ ሆኖ ይወጣል። መሃል ላይ ያለው ነገር ደህና ነው፤ ወደ ዳር የሄደ ምሰሶ ግን እንደ ደጋን ይጎብጣል። ፎቶ አንሺው ካልተጠነቀቀ የራሱ ጫማ፣ የራሱ ጣት፣ ሆድ ካለው ሆዱም ሥዕሉ ውስጥ ይገባል።

ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ነው፤ በ1906 እ.ኤ.አ.። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ከሥር ሆኖ ቀና የሚል ዓሣ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለው ሰማይ በሙሉ 97 ዲግሪ ገደማ በሆነች ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል። ዉድ ዓሣው የሚያየውን ለማየት የሠራው ካሜራ ባልዲ ነበር። ከታች የፎቶ መስታወት አስቀመጠ፣ ከመሃል ትንሽ ሌንስ አደረገ፣ ውሃ ሞላበት፣ ላዩ እንዳይናወጥ በመስታወት ከደነው። በ1924 ደግሞ ሮቢን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ መላውን ሰማይ በአንድ ጊዜ አንስቶ ደመና የሚያጠናበት እውነተኛ የመስታወት ሌንስ ነደፈ፤ ለንደን ውስጥ ተሠራለት። ይህን ሂል የሚባል ሰው ልብ በሉልኝ፤ ጫካ ውስጥ እንገናኘዋለን።

ኒኮን በ1962 ያወጣው 8 ሚሊሜትር የዓሣ ዓይን ሌንስ ጀርባው ወደ ካሜራው ሆድ ዘልቆ ስለሚገባ፣ መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት ወደ ላይ አንስቶ መቆለፍ ግድ ነበር። መስታወቱ ሲቆለፍ ደግሞ በካሜራው ዓይን ምንም አይታይም፤ ፎቶ አንሺው አናቱ ላይ በሚሰካ ሌላ መመልከቻ እየገመተ ያነሳል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ባወጣው "2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ" ፊልም ውስጥ ሃል የተባለው ኮምፒውተር ቀይ ዓይን ሆኖ የሚያፈጥጠው ይኸው ሌንስ ነው። ኩባንያው ኋላ የሠራው 6 ሚሊሜትር ደግሞ 220 ዲግሪ ያያል፤ ማለትም ከራሱ ትከሻ ኋላ ያለውን ሰው ሳይቀር። ክብደቱ 5.2 ኪሎ ነው። እናቴ ብታገኘው ዋጋ ሳትጠይቅ ነበር የምትገዛው።

የእኔው ከእነዚህ ጋር አንድ አባት ይኑረው እንጂ አስተዳደጉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ያዋረደኝ ክዳኑ ነው።

የዓሣ ዓይን የፊት መስታወት እንደተቆጣ ሰው ዓይን ወደ ውጭ ያፈጠጠ ስለሆነ ፊልተር አይታሰርበትም። መከላከያው ክዳኑ ብቻ ነው፤ እንደ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ጥልቅ፣ ጥቁር፣ እሱም ብረት። ማሰሪያ የለውም። ውስጡ ዙሪያውን የተለጠፈው ጥቁር ከፋይ ሌንሱን በሰበቃ ብቻ አቅፎ ይይዛል። ከፋዩ ሲሳሳ ክዳኑ እንደ ቆብ ይሆናል፤ ጎንበስ ሲሉ ይወልቃል። የእኔው ከፋይ እንዳለቀ የገባኝ አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋን ቬሎ ጫፍ ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። ክዳኑ ወለሉ ላይ ተንከባልሎ በእንግዶች እግር መሃል ገባና ጠፋ። ሥራ ላይ ነኝና አልተከተልኩትም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርጥ ጋ አገኘሁት። የሙሽራው ትልቅ አጎት ፊት ለፊት፣ ከሥጋው ሳህን ጎን ተቀምጧል፤ አፉ ድረስ አዋዜ ተሞልቷል።

"አባባ፣ ይቅርታ፣ ያቺ ነገር የእኔ ናት" አልኳቸው።

"አዋዜው ነው ሳህኑ?"

"ሳህኑ።"

"እንግዲያው ስንጨርስ ትወስዳለህ" አሉኝና አንድ ጉርሻ ነክረው ወደ አፌ ሰነዘሩ። እምቢ የሚባል አይደለም። ከክዳኔ ጎረስኩ።

ክዳኑን በሳሙና አጠብኩት፣ በአልኮል ጠረግሁት። ከፋይ ግን በርበሬ አንዴ ከጠጣ አይመልስም። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔን ያስነባኛል፤ የመስታወቱ ጠርዝ ላይም ቀላ ያለች ስስ የቅባት ቀለበት ትቀራለች። ፀሐይ ስትመታት መላው ፎቶ ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ ይመስላል። ፀሐይ ደግሞ ሁልጊዜ ትመታታለች፤ 180 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ከፀሐይ ወዴት ይሸሻል? ይባስ ብሎ ከጀርባ ያለው ቀለበት ውስጡ ጥቁር አልተቀባም፤ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል። የገባው ብርሃን እዚያ እየነጠረ አረንጓዴና ቀይ ነጠብጣብ ይረጫል። ጥቂት ጥቁር ቀለም ቢቀቡት የሚድን ነገር ነበር። ይህን ሁሉ ብረት ያፈሰሰ ሰው ቀለም ላይ ሰሰተ።

የሠርጉን ፎቶ ያየችው የሙሽራዋ አክስት "ይሄ አፍንጫ የማን ነው?" አለች። የእሷ ነበር። የዓሣ ዓይን የቀረበውን ያገዝፋል፣ የራቀውን ያኮስሳል፤ አክስት ሌንሱ ሥር ገብታ "እኔንም አንሳኝ" ብላ ነበርና አፍንጫዋ ከመድረኩ በልጦ ወጣ። እሷን እንደምንም አባበልኳት። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የአክስት አፍንጫ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሳይቀር ጥርት ብሏል፤ ስድስት ሜትር ርቀው መድረክ ላይ የተቀመጡት ሙሽሮች ግን ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ እንደሚመጣ አውቶቡስ ሆነዋል።

ይሄ መሆን የለበትም። እንደ እኔው 8 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ፎካስ የማይፈልግ ሌንስ ነው ይባላል፤ ስሌቱም ያንኑ ነው የሚለው። አፐርቸሩን 8 ላይ አጥብበው ፎካሱን 27 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢያቆሙት፣ ከ13 ሳንቲሜትር ጀምሮ እስከ ሰማይ ዳርቻ ሁሉም ጥርት ይላል። ይህን አንብቤ ነው የፎካሱን ቀለበት ረስቼው የኖርኩት። የአዳራሽ ጨለማ አፐርቸሩን እስከ 3.5 ሲያስከፍተኝ ግን ይቅርታ የሚያደርገው ህዳግ ጠፋ።

ሌንሱን ከካሜራዬ የሚያገናኘውን አዳፕተር ጠረጠርኩ። ሌንሱ ባለ 42 ሚሊሜትር ጥርስ የድሮ ሌንስ ነው፤ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ የተሠራ። የእኔ ካኖን 44 ነው። መሃል ላይ የሚገባው ቀለበት እንግዲህ ልኩ 1.46 መሆን አለበት። ወፍሮ ከሆነ ሌንሱ ከካሜራው ርቆ ይቀመጣል፤ ርቆ ሲቀመጥ የቅርቡን እንጂ የሩቁን አያይም። ስንት ቢወፍር? እዚህ ላይ ስሌቱን ስሠራ ላብ አጠመቀኝ። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከቦታው በአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ቢርቅ፣ አሻግሮ ሊያይ የሚችለው 25 ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ብዙ ሰው ልብም አይለውም። 8 ሚሊሜትሩ በዚያው በአሥረኛ ሚሊሜትር ቢርቅ ግን መጨረሻው 64 ሳንቲሜትር ነው። ስድሳ አራት። የአክስት አፍንጫ የነበረበት ርቀት።

ስለዚህ የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁና አዳፕተሩን መሞረድ ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ማታ ማታ፣ ዜና እያየሁ። ውጤቱ የባሰ ሆነ፤ አሁን ፎቶው በግራ በኩል ሲደበዝዝ በቀኝ በኩል ሌላ ዓይነት ይደበዝዛል። ሰፈራችን ያለ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው በካሊፐር ዙሪያውን ለካው። አንዱ ጎን 1.46፣ ማዶው 1.38።

"ወንድሜ" አለኝ፣ "ይሄን ሞርደኸው ነው ነክሰኸው?"

አዲስ አዳፕተር ገዛሁ። ባለሙያው ለካልኝ፤ ዙሪያውን 1.46፣ ዝንፍ የለም። ፎቶው ግን ያው ጉም። ዝም አልኩ። 9,000 ብር የከፈለ ሰው አንዳንዴ ዝም ይላል።

ዝምታዬን ያባሰው የደን ጥናት የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። የዓሣ ዓይን እንዳለኝ ሰምቶ ደወለ። የእሱ ሰዎች ይህን ሌንስ የሚፈልጉት ለጫካ ነው። ካሜራው መሬት አጠገብ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ወደ ሰማይ ይዞራል፣ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ምልክት ይደረጋል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ስትጠልቅ ይነሳል። ቅጠሉ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ኮምፒውተር ሁለቱን ይቆጥርና የጫካው ወለል ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝ ያሰላል። ለዚህ የሚመቸው ሌንስ ከመሃል እስከ ዳር ለእያንዳንዱ ዲግሪ እኩል ቦታ የሚሰጠው ነው፤ ሌንሱ ከጎበጠ ዲግሪው አብሮ ይጎብጣል።

"አሠራሩ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ብረት ነው" አልኩት።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን ይዘን፣ ከዚያ ወደ ጠጠር መንገድ ታጠፍን። የተሳፈርነው ቅጥቅጥ ነው፤ ስሙን በከንቱ አላገኘም። እየነጠርን ጓደኛዬ የሮቢን ሂልን ነገር አነሳ። ደመና ሊያነሳ ሌንስ የነደፈው ሰው ኋላ ስሙ የገነነው በቅጠል ነው፤ ከተክል ሴል ውስጥ የወጣ ክሎሮፕላስት ብርሃን ሲያገኝ ለብቻውም ኦክስጅን እንደሚለቅ ያሳየ እሱ ነው፤ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ የሂል ሪአክሽን እያለ ይጠራዋል። ሰውየው ሰማይ ሲያይ ኖሮ ወደ ቅጠል ወረደ፤ እኛ ደግሞ በእሱ ሌንስ ቅጠል ልናይ ወደ ሰማይ እናነጣጥራለን። እኔ ይህን እያደነቅሁ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል። በየጉድጓዱ ውስጡ አንድ ነገር ቂ…ቂ ይል ነበር። የቁልፍ መያዣዬ መስሎኝ ነበር።

ደቡብ ጎንደርን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እርሻው ራቁቱን ተዘርግቶ ሳለ ድንገት አንድ ክብ ጫካ፣ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን። የደረስንበት ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ ክብ ነው፣ በውስጡ ቅድስቱ አለ፣ በዚያ ውስጥ መቅደሱ፤ ከውጭ ቅጥሩ፣ ከቅጥሩ ውጭ ጽዱ፣ ወይራውና ዋንዛው በክብ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ክብ ፎቶ የሚያነሳ ሌንስ ይዤ መድረሴ የራሴ ብልሃት መስሎ ተሰማኝ። አስተዳዳሪው ፈቀዱልን፤ በማግስቱ ማለዳ መሪጌታው አራት የአብነት ተማሪዎች አስከትለው አብረውን መጡ።

ክዳኑን ሳነሳ መሪጌታው አሸተት አደረጉ።

"ይሄ ዓይን በርበሬ በርበሬ ይላል።"

"የሠርግ ነው፣ የኔታ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓደኛዬ ውኃ ልኩን አስተካክሎ፣ ሰሜንን በኮምፓስ ፈልጎ ጨረሰ። ገና ንጋት ነው፤ ነፋስ ቅጠሉን ስለሚያወዛውዝ ፈጣን ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ፈጣን ፍጥነት ደግሞ ሰፊ አፐርቸር። ጉሜ ሊጋለጥ ነው ብዬ በሆዴ እየጸለይኩ የፎካሱን ቀለበት ትንሽ ላዞር ያዝ አደረግሁት። ሌንሱ እጄ ላይ ቀረ። ሙሉው ብረት፣ ያ ሁሉ ክብደት፣ በእጄ፤ ካሜራው ላይ ተጠምዶ የቀረው የኋላው ስስ ቀለበት ብቻ ነው። በቅጥቅጡ ውስጥ ቂ…ቂ ሲል የነበረው ለካ የብሎኖቹ መፈታት ነው። አንዷ ቀለበቱ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ሁለቱ የረገፈው የጽድ ቅጠል ውስጥ ገብተዋል።

ተማሪዎቹ ተንበረከኩ። ምስር እየለቀሙ ያደጉ ጣቶች ናቸው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም ተገኙ። እኔ ግን ብሎን መፈለጉን ትቼ ነበር። ከሌንሱ ጀርባ ላይ አንድ ቀለበት ተለጥፎ አየሁ፤ በመቀስ ተቆርጦ የወጣ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ወረቀት። በጥፍሬ አነሳሁት። አልፎ አልፎ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለበት። የደረሰኝ ቁራጭ ነው።

መሪጌታው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃን ያዙት። "ተ… ከ… ፍ… ይላል። ከዚህ ወዲያ በመቀስ ሄዷል።" ተማሪዎቹን ዞር ብለው አዩአቸው፤ ትምህርት እንደሚጀምሩ ከድምፃቸው ታወቀ። "ንባቡ ጎዶሎ ነው። አንድም፦ ተከፍሏል፤ ዋጋውን የተቀበለ ነጋዴ ቃል ነው። አንድም፦ ተከፍቷል፤ ይህን ዕቃ ከዚህ ሰውዬ በፊት የፈታው ሰው ምስክርነት ነው።"

ተማሪዎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጓደኛዬ ግን በግልጽ ሳቀ።

የተራ ወረቀት ውፍረት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ገደማ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሰው ሌንሱ ቀለበቱ ላይ ሲነቃነቅበት ጊዜ፣ ልኩ ባልሆነ ካቻቪቴ ፈትቶ፣ የደረሰኝ ወረቀት ቆርጦ ጎስጉሶበታል። መነቃነቁ ቆመለት፤ ሌንሱም ከ64 ሳንቲሜትር ወዲያ ያለውን ዓለም ማየት አቆመ። እኔ አዳፕተር ስሞርድ የከረምኩት በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር በሰውየው መቆጣት አቃተኝ። እኔም ሌንሱ ቢነቃነቅብኝ ወረቀት ነበር የምጎሰጉሰው።

ካቻቪቴ አልያዝኩም ነበር። መሪጌታው የመቃ ብዕር የሚቀርጹባትን ትንሽ ቢላ አዋሱኝ። ወረቀቱን ትቼ ሦስቱን ብሎኖች መለስኩ፤ የተበላ ራስ ስለሆነ የቢላው ጫፍ እየሾለከ አንዷን እስከ መጨረሻ አልጠብቅ አለኝ። ሌንሱ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ጓደኛዬ ከቦርሳው ላስቲክ አውጥቶ ከካሜራው ጋር አሰረው። የመጀመሪያውን አነሳንና በካሜራው መስኮት አሳደግነው። ከላይ፣ ከጽዱ ጫፍ፣ እያንዳንዷ ቅርንጫፍ ለብቻዋ ተቆጥራ ትታያለች። አፐርቸሩ 3.5 ነው። ለአንድ ዓመት ጉም ብቻ ሲያሳየኝ የኖረ ዕቃ።

ጓደኛዬ ግን "ይሄኛው አይቆጠርም" አለ። የክቡን ዳር አሳየኝ፤ አራት የተማሪ ራስ፣ አንድ ጥምጥም፣ አንድ መቋሚያ፣ ከታች ደግሞ የእኔ ግንባር። ከዚያ በኋላ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ከሌንሱ በታች ሆነን መሬት ላይ በሆዳችን እንተኛ ጀመር፤ መሪጌታው ብቻ ወደ ዛፍ ጀርባ ይሄዱ ነበር። ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተኛን፣ ተነሳን። ያልተቆጠረውን ፎቶ እኔ ወሰድኩት።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ወረቀቱን በፖስታ አድርጌ ፒያሳ ሄድኩ። ያ ሱቅ የነበረበት ሕንጻ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ያን ቀን ግን አዛውንቱ እዚያው ባንኮኒ ኋላ ነበሩ፣ ሌላ ዕቃ እያንኳኩ። ከሠርጉ ጀምሬ እስከ ጫካው ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁላቸው።

"ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ። ፋብሪካው በአማርኛ ደረሰኝ ይቆርጣል?"

መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ወረቀቱን አንዴ አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት።

"ተከፍሏል ነው የሚለው" አሉኝ ረጋ ብለው፣ ቀለበቱን ወደ ፖስታው እየመለሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቁር ነገር አወጡና አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። "አዋዜ ያልነካው ክዳን ግን አለኝ። ብረት ነው።"